ስድስተኛው ካሴት

ባለፈው ሳምንት ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ባለችው በኦቤትስ በኩል ሳልፍ፣ በመጋዘኖቹ መሀል ተርፋ የቀረችው የበቆሎ ማሳ ላይ ችካል ተተክሎ አየሁ። በየችካሉ አናት ሮዝ ሪባን ታስሯል፤ ነፋሱ ያርገበግበዋል። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሁለት ሰዎች ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን አቁመው፣ አንዱ በመነጽሩ ያያል፣ ሌላው ይጽፋል። ጩኸት የለም፣ ግርግር የለም። መኪናዬን ዳር አስይዤ ትንሽ ቆየሁ። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ በዚሁ መንገድ፣ አሮጌ ፒክአፕ እየነዱ "ሰው ዝም ብሎ መሬት ሲለካ ካየህ የጫማህን ክር አጥብቅ" ያሉኝ ሰው ትዝ አሉኝ። ያሉኝን አልረሳሁም፤ ድምፃቸውን ግን ከረሳሁት ቆይቼ ነበር። ድምፃቸው ያለበት አንድ ካሴት ቤቴ ውስጥ ተቀምጧል። መቀመጥ አልነበረበትም።

ጋሼ ነበር የምላቸው። ሐበሻ አልነበሩም፤ ኮማንቼ ነበሩ። አጥርና ማረሻ ሳይመጣ በፊት ያንን ማለቂያ የሌለው የደቡብ ሜዳ በፈረስ ሲገዛው የኖረ ሕዝብ ልጅ ናቸው። ኦክላሆማ ተወልደው፣ በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ኮሎምበስ ገብተው፣ ሚስት ቀብረው፣ ልጅ ድረው፣ ስተዋወቃቸው ስድሳውን አልፈው ነበር። አብረን በምንሠራበት መጋዘን እሳቸው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ እኔ ካርቶን አሽጋለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ግጥምን ከማንም ያልተማርኩ፣ በእረፍት ሰዓት በካርቶን ክዳን ላይ ስንኝ የምሞነጫጭር ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት "ጋሼ ምን ማለት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ታላቅ ወንድም፣ የሚከበር ሰው" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ከሚስተር ይሻላል። ሚስተር ሲሉኝ የሚያባርሩኝ ነው የሚመስለኝ" አሉ።

ሁለታችንም የምንኖረው ዋይንላንድ ፓርክ ነበር። ዛሬ እዚያ ሰፈር ውሻቸውን በሕፃን ጋሪ የሚገፉ ሰዎች ገብተውበታል፤ ያኔ የማዕዘኑ ባለሱቅ ዳቦና ሲጋራ የሚያቀብለን በወፍራም መስታወት ቀዳዳ ነበር። ክፍል በወር ሁለት መቶ ዶላር ይገኛል። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ብዙም አይበልጥም። ሊነጋጋ ሲል ጋሼ በሬ ላይ መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ጥሩምባ ይነፋሉ፤ ሁለተኛ አይነፉም፣ ከዘገየሁ ጥለውኝ ይሄዳሉ። አንገትጌው ኮርዱሮይ የሆነ የጂንስ ጃኬት ክረምት ከበጋ አይለያቸውም። ቡትሳቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀለም ይቀባሉ። የፒክአፗ ማሞቂያ እግርን እንጂ እጅን አያሞቅም፤ ሬዲዮዋም የምትይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፣ ሚስቱ የከዳችው ወንድ በጊታር የሚያለቅስበትን። ጋሼ ያንን እየሰሙ በመሪው ላይ በጣታቸው ይመቱ ነበር። አሁን መኪናዬ መቀመጫውን ሳይቀር ያሞቃል፤ እንደዚያ እግር ብቻ እየሞቀኝ የሄድኩበትን መንገድ ግን አስበልጣለሁ።

ከእኛ ጋር ስካነር ይዘው የሚሠሩ እትዬ አበበች የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፤ ምላሳቸው ስለት፣ ልባቸው ቅቤ። ጋሼ ማን እንደሆኑ ስነግራቸው ዓይናቸውን አፍጠው "ህንድ ነው የምትለኝ? እንዴ፣ እኛ ትምህርት ቤት የነበሩት ህንድ እኮ እንዲህ ቀይ አልነበሩም!" አሉ። "የዚህ አገር ህንድ ናቸው፣ እትዬ።" "ታዲያ ሒሳብ ይችላሉ?" ይህን ለጋሼ ስተረጉምላቸው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "ንገራት፣ ሒሳብ ብችል ኖሮ መሬታችን ይህን ያህል አይጎድልም ነበር" አሉ። ሳላቸው ያኔም ነበረች። ደረቅ ናት፣ ሁለት ጊዜ ትመታና ታቆማለች፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

እኔም አንድ ኃጢአት ነበረብኝና ተናዘዝኩላቸው። ልጅ ሆኜ ሲኒማ ቤት በሃምሳ ሳንቲም ገብቼ፣ ካውቦዩ ቀይ ህንዶቹን በጥይት ሲያረግፋቸው ከወንበሬ ተነሥቼ አጨበጭብ ነበር። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ "እኔም ኦክላሆማ፣ ላውተን ከተማ ሲኒማ ቤት ቁጭ ብዬ አጨበጭብ ነበር። ፈረሱ ያምር ነበራ" አሉኝ።

ታሪኩ የጀመረው ከዚያ ነው። የአያታቸው አባት ታሪክ ነው። ሰውዬው ብዙ ፈረስ ነበረው፤ ከሁሉ የሚወደውን ግን ከመንጋው ለይቶ ድንኳኑ ደጃፍ ያስረዋል፣ ሲተኛም ጠፍሩን እጁ ላይ ይጠቀልላል። አንድ በጋ ለአደን ወጥተው ሦስት ቀን ጋለቡ። ጎሽ የለም። በአራተኛው ቀን ነፋሱ ዞረና ሽታው መጣ። ሜዳው ሙሉ ቆዳው ብቻ ተገፎ የተተወ የጎሽ ሬሳ ነበር። "ጥይት አልሰሙም፣ ጠላት አላዩም" አሉኝ ጋሼ። "ሽታ ብቻ። መጥፎ ነገር ሁልጊዜ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚገናኘን።" ከዚያ በኋላ የመንግሥት ወታደሮች በሰፈሩበት ገደል ውስጥ ደረሱባቸው፤ ድንኳኑን አቃጠሉ፣ ፈረሶቹን ሰብስበው በጥይት ፈጇቸው። ሕዝቡ በፈረስ የመጣበትን አገር በእግሩ እያቋረጠ ወደ ወታደሮቹ ምሽግ ገባ። ሰውዬውን ከሌሎች ወንዶች ጋር ጣሪያው ያልተሠራለት የበረዶ ማከማቻ ውስጥ ዘጉበት፤ በቀን አንድ ጊዜ ጥሬ ሥጋ በግንቡ ላይ ይወረወርላቸው ነበር።

ይህን የሰማሁ ዕለት በሦስት ካርቶን ላይ ጻፍኩ። አልበቃኝም። ወዲያው በመያዣ ተይዞ የቀረ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በአሥራ ሁለት ዶላር ቴፕ ሪከርደር ገዛሁና "ጋሼ፣ ልቅዳዎት፤ መጽሐፍ አደርገዋለሁ፣ በአማርኛ" አልኳቸው። ሪከርደሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ልጃቸው ዳና ኦክላሆማ ነች፣ የራሷ ቤት አላት፤ ለታሪኩ ጊዜ የላትም ብለውኝ ያውቃሉ። በመጨረሻ "እሺ፣ ግን ጽፈህ ስትጨርስ ካሴቱን ታጠፋዋለህ። ከሞትኩ በኋላ ድምፄ እንዲንከራተት አልፈልግም። ቃል ግባ" አሉኝ። ገባሁ። በሃያ ሦስት ዓመት ቃል መግባት ክብሪት የመጫር ያህል ነው።

በየእሑዱ፣ አንዳንዴም ወደ ሥራ ስንሄድ፣ አምስት ካሴት ሞላን። ሰውዬው ከበረዶው ቤት ወጣ። መንግሥት ቀለብ ብሎ በሕይወት ያለ ከብት ይሰጣቸው ነበር፤ በዚያ ቀን ወንዶቹ ተኳኩለው በተረፈቻቸው ፈረስ ላይ ይወጡና፣ አጥሩ ተከፍቶ አንድ ምስኪን በሬ ሲወጣ እንደ ጎሽ እያሳደዱ በቀስት ይጥሉታል። ሴቶቹ እልል ይላሉ። መንግሥት ያስቀመጠባቸው ሹም ይህን አስቀያሚ ነው ብሎ ከለከለና ሥጋው ተቆርጦ በመስኮት ይታደል ጀመር። ሰውዬው ጸጉሩን ተቆረጠ። ማረሻ ያዘ። ሴት ልጁን ቋንቋዋን ወደሚያስጥላት ትምህርት ቤት ላከ። የእንጨት ቤት ተሠራለት፤ ፈረሱንና እህሉን ቤቱ ውስጥ አስገብቶ እሱ ከነቤተሰቡ ደጅ ድንኳን ተክሎ ተኛ። "ሹሙ ሲመጣ ምን አለው?" አልኳቸው። "ምን ይለዋል? ቤቱ ጥሩ ነው፣ ፈረሱም ወዶታል አለው" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። "እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉን ለመደው። እሱ ለምዶ ሲጨርስ የመሬት መለኪያ ሰንሰለት የያዙ ሰዎች መጡ። አልተጣሉም፣ አልተቆጡም። ሜዳውን ለኩ፣ ችካል ተከሉ፣ ጻፉ። ለየሰው አንድ አንድ ቁራሽ አደሉና የቀረውን በሙሉ ለሌላ ሰጡት። ከጥይቱ የተረፈውን ሕዝብ የጸሐፊዎቹ እርሳስ ጨረሰው።"

በዚያው ሰሞን መጋዘናችን ውስጥ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱ እንግዶች መጡ። ወለሉ ላይ ይንበረከካሉ፣ ሜትር ይዘረጋሉ፣ ቢጫ ፕላስተር ይለጥፋሉ። ሰላም ሲሏቸው ፈገግ ይላሉ። ሱፐርቫይዘሩ ለአዲስ መደርደሪያ ነው አለን። እትዬ አበበች ደስ አላቸው፤ "ኦቨርታይም ሊኖር ነው፣ ልጄ፣ ቤት የምገዛው ዘንድሮ ነው!" ጋሼ ፎርክሊፍታቸውን አቁመው ሰዎቹን ሲያዩ ዋሉ። ስንመለስ ሬዲዮውን አልከፈቱም። "ፎርክሊፍቱ ብቻውን የሚሄድበትን መንገድ ነው የሚለኩት" አሉ። "ጋሼ ደግሞ፣ ያለ ሰው እንዴት ይሄዳል?" ብዬ ሳቅሁባቸው። ዛሬ እዚያ ሕንፃ ውስጥ መብራት እንኳ አይበራም ይባላል፤ ማሽኖቹ አያስፈልጋቸውም።

ስድስተኛውን ካሴት የቀዳሁት በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከስድስቱ ሁሉ የማፍርበት እሱ ነው። ታሪኩ ሊያልቅ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ነገር ይበላኛል። ከመጀመሪያ ጀምሮ ሰውዬውን "እሱ" እንጂ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። እኔ ያደግሁበት አገር ጀግና ያለ ስም ጀግና አይደለም፤ እንዲያውም በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው፣ አባ እገሌ ተብሎ። ይህን አስረዳኋቸው። "እንግዲያው በእናንተ አገር ፈረሱ አይሞትም ማለት ነው" አሉኝ። "እኛ ዘንድ ሰውየው ሲሞት የሚወደው ፈረስ አብሮት ይገደላል።" ስማቸውን ንገሩኝ፣ የሰውዬውን፣ የፈረሱን፣ አልኩ። መንገዱን በሙሉ ወተወትኳቸው። ረስተውታል ብዬ ደመደምኩ፤ አልፎ ተርፎም ለምን ረሱ ብዬ ውስጤ ተቀየምኳቸው።

ሳምንት አልሞላም። አንድ ሰኞ ጠዋት ጥሩምባው ቀረ። ጥለውኝ ሄዱ ብዬ ስወጣ ፒክአፗ በራቸው ላይ ቆማለች፣ መስታወቷ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ጋሼን ያገኘኋቸው ወንበራቸው ላይ ነው፤ ቡትሳቸውን አጥልቀው፣ የአንደኛውን ክር አስረው፣ የሌላውን ሳያስሩ።

አስከሬኑ ወደ ኦክላሆማ ከመሄዱ በፊት ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ በሚገኝ የቀብር ቤት ትንሽ ስንብት ተደረገ። ዳና በመኪና አሥራ አምስት ሰዓት ነድታ መጣች። አጭር ነች፣ አርባውን የጨረሰች፣ ዓይኗ የአባቷ። እኔ ሌሊቱን ሁሉ ግጥም ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። እንደ አገሬ ሰው አለቅሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። በየስንኙ መጨረሻ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው እየጠራሁ፣ አንተ እንዲህ የነበርክ፣ አንተ እንዲያ ያደረግክ እያልኩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አወረድኩት። እትዬ አበበች ደረታቸውን እየመቱ ከኋላዬ ስሙን ተቀበሉ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፣ ቀና ስል ዳና በመዳፎቿ ጆሮዎቿን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞራለች። አጠገቧ የነበሩ ሁለት ሽማግሌዎች ወጥተዋል።

ደጅ ጠራችኝ። አልጮኸችም። "የሞተን ሰው ስም አንጠራም" አለችኝ። "እንዲሄድ ነው። ዛሬ ዛሬ ብዙዎቻችን ትተነዋል፤ እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት። አባቴ ግን በድሮው ይሁንልኝ ብሎ ነበር። አንተ መንገድ ሊጀምር ሲል ሃያ ጊዜ ጠርተህ መለስከው።" ያኔ ገባኝ። ጋሼ የአያታቸውን አባት ስም አልረሱትም ነበር። መንገድ ሙሉ ስወተውታቸው ያልነገሩኝ ስሙን ስላከበሩት ነው። እዚህም እውነተኛ ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ጨዋነት ነው።

"ዕቃው ሁሉ ይቃጠላል ወይም አብሮት ይቀበራል" አለች ዳና። "በካሴት እንደቀዳኸው ነግሮኝ ነበር። አምጣቸው።" ወደ ክፍሌ ሄጄ በጫማ ካርቶን አመጣሁላት። ከፍታ አየች። "ይኸው ነው?" "ይኸው ነው" አልኳት። አምስት ነበሩ። ስድስተኛው ጃኬቴ ውስጥ ብብቴ ሥር ነበር፤ ጥጉ ጎኔን ሲወጋኝ ዛሬም ይሰማኛል። ለራሴ ያልኩት ግልጽ ነው። ጽፈህ ስትጨርስ ነው ያሉኝ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም። ዳና ረጅም ጊዜ አየችኝና ካርቶኑን ዘጋችው።

አልጨረስኩምም። በዓመቱ እኔም እትዬ አበበችም ሌይ ኦፍ ሆንን፣ ከሥራ ተቀነስን። እሳቸው ቆይተው ቤታቸውን ገዙ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ከፈቱ፤ እኔ ታክሲ ነዳሁ፣ አገባሁ፣ ሸበትኩ። ታሪኩን አሥር ጊዜ ጀመርኩት። ሰውዬው ድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ለካኪዎቹን የሚያይበት ቦታ ስደርስ ብዕሬ ይቆማል። ሰነፍ ሆኜ አይደለም። ካለቀ ቃሌ ይጠብቀኛል። ካሴቱን ግን አንድ ቀን እንኳ አላጫወትኩትም፤ ፈርቼ ነው።

ችካሎቹን ካየሁ ከሁለት ቀን በኋላ ዳና ኮል አደረገችኝ። ያኔ የሰጠኋትን ቁጥር አልቀየርኩም ነበር። ድምፅዋ ተሰባብሯል። "ታምሜያለሁ" አለች ያለ ሰላምታ። "ስድስት መሆናቸውን አባቴ ነግሮኝ ነበር። ያን ዕለት የተውኩህ ጽፈህ ትጨርስ ብዬ ነው። ጨረስክ?" "አልጨረስኩም።" "ሃያ ዓመት?" ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። "ስማኝ" አለች። "እኔ ከሄድኩ የሚጠይቅህ የለም። የአባቴን ነገር ሳልዘጋ መሞት አልፈልግም። አንድ ጊዜ አሰማኝ። ከዚያ እየሰማሁህ አቃጥለው።"

ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ምድር ቤት ወርጄ የድሮ ካሴቶቼ ከተከማቹበት ሣጥን አወጣሁት። አሮጌው ሪከርደር ሁለት ጊዜ አንገራግሮ ዞረ። ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋሁ። የፒክአፗ ሞተር። የፍሬቻ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ አንድ ችኩል ጎረምሳ፣ "ስሙ ማን ነበር? ፈረሱስ? ቢያንስ የፈረሱን ይንገሩኝ!" እኔ ነኝ። ሳላቋርጥ አወራለሁ፣ አስረዳለሁ፣ እጠይቃለሁ። ልዘጋው እጄን ስሰድ ዳና "ተው!" አለች። ከእኔ ወሬ ሥር ሌላ ድምፅ ነበር። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል። ጋሼ በቋንቋቸው እየዘፈኑ ነበር። መሪውን ይዘው፣ እኔ ስለ ጀግንነት ስደሰኩርባቸው፣ ከአጠገቤ ሆነው ይዘፍኑ ነበር፤ አንድም ቀን አልሰማኋቸውም። ከስልኩ ወዲያ ዳና አብራ ማዜም ጀመረች። ሁለቱ ድምፆች ሳይቸኩሉ ተያይዘው ሄዱ፤ ከዚያ ደረቋ ሳል ሁለት ጊዜ መታችና ካሴቱ አለቀ።

"አሁን" አለች ዳና።

ጓሮ ወጥቼ የሥጋ መጥበሻውን ግሪል ለኮስኩ፤ ስልኩን ከአጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። በአንድ እጄ የጋሼ ካሴት ነበር፣ በሌላው ከሣጥኑ ውስጥ አብሬ ያወጣሁት ሌላ ካሴት። ይዤው መውጣቴን ያወቅኩት ያኔ ነው ብል ውሸት ነው። እሳቱ ውስጥ ስጥለው ፕላስቲኩ ተንጣጣ፣ ሪባኑ ተኮማተረ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ። ዳና እስኪያልቅ አዳመጠች። "አመሰግናለሁ። አሁን ይሄዳል" አለችኝ፤ ትንፋሿ ሲለቀቅ ተሰማኝ።

የተቃጠለው የሠርግ ዘፈን ነበር።

የጋሼ ካሴት ይህን በምጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ትናንት በኦክላሆማ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተደወለልኝ፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ ጊዜ። ዳና ትሁን፣ መርዶ ይሁን አላውቅም። አላነሣሁትም።